የባንክ የሳንቲም ጥቅል ፍለጋ በአሜሪካ፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

የባንክ የሳንቲም ጥቅል ፍለጋ የሚባለው፣ ሰው ከባንክ የተጠቀለለ ሳንቲም በላዩ በተጻፈው ዋጋ ወስዶ፣ ጥቅሉን ፈትቶ፣ የእያንዳንዱን ፍሬ ዓመት፣ የተቀረጸበትን ቦታ ምልክትና ጠርዙን ከመረመረ በኋላ ለስብስብ የሚሆነውን አስቀርቶ የተረፈውን መልሶ ወደ ባንክ የሚያስገባበት ልማድ ነው። ልማዱ በሌሎች አገሮችም ቢኖር በአሜሪካ ያገኘውን ያህል ስፋትና ሥርዓት ያገኘበት ስፍራ አለ ለማለት ያስቸግራል። ለዚህ ሁለት ምክንያት ይቀርባል። አንደኛው፣ የአሜሪካ መንግሥት የቆዩ ሳንቲሞቹን ጊዜያቸው አልፏል ብሎ ስለማይሽር በ1940ዎቹ የተቀረጸ ኒክል ዛሬም በሱቅ አምስት ሳንቲም ሆኖ መገብየቱ ነው። ሁለተኛውና ዋነኛው፣ በ1965 የብር ማዕድን ከሳንቲም ውስጥ ሲወጣ የሳንቲሞቹ መጠንና መልክ ሳይለወጥ በመቅረቱ አሮጌውና አዲሱ ተደባልቀው እስከ ዛሬ መዞራቸው ነው። ስለ ጉዳዩ በአማርኛ የተሟላ ነገር ማግኘት አስቸጋሪ ሲሆን፣ በዋሽንግተንና በአካባቢው በመኪና ማቆሚያ፣ በታክሲና በትንንሽ ሱቆች ሳንቲም ሲቆጥር የሚውለው ወገን ግን ብዙ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ካልተለዩ በቀር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥቅሉና ካርቶኑ

ፔኒ (1 ሳንቲም) በአንድ ጥቅል 50 ፍሬ፣ ኒክል (5 ሳንቲም) 40፣ ዳይም (10 ሳንቲም) 50፣ ኳርተር (25 ሳንቲም) 40፣ ሃፍ ዶላር (50 ሳንቲም) ደግሞ 20 ፍሬ ሆኖ ይጠቀለላል። ሃምሳ ጥቅል በአንድ ካርቶን ስለሚታሸግ የፔኒ ካርቶን 25 ዶላር፣ የኒክል 100፣ የዳይም 250፣ የኳርተርም የሃፍ ዶላርም 500 ዶላር ያስከፍላል። በፔኒ ካርቶን 2,500 ፍሬ ሲኖር በሃፍ ዶላር ካርቶን ግን 1,000 ብቻ ነው። ሳንቲሙ ከሚንት፣ ማለትም ሳንቲም ከሚቀረጽበት የመንግሥት ድርጅት፣ ወደ ፌዴራል ሪዘርቭ፣ ማለትም ወደ አገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ፣ ይሄዳል፤ ከዚያም የገንዘብ አጓጓዥ ድርጅቶች እየጠቀለሉ ለባንኮች ያደርሱታል። ከነጋዴና ከግለሰብ ወደ ባንክ የተመለሰውም በዚያው መንገድ እንደገና ተቆጥሮ፣ ተደባልቆና ተጠቅልሎ ስለሚወጣ አንድ ጥቅል ውስጥ ያምና ኳርተርና የአያት ዘመን ኳርተር ጎን ለጎን ሊገኙ ይችላሉ።

ፈላጊዎች ጥቅልን በሁለት ይከፍሉታል። በማሽን የተጠቀለለው እኩል የተጠጋጋ ጠርዝ ሲኖረው፣ ደንበኛ በቤቱ ጠቅልሎ ያስገባው ጫፉ በእጅ የታጠፈ ወረቀት ነው። ሁለተኛው ይበልጥ ይወደዳል፤ ምክንያቱም ብዙውን ጊዜ ከአንድ ቤት ማሰሮ ወይም መሳቢያ በአንድ ጊዜ የወጣ፣ ለዓመታት እጅ ያልነካው ሳንቲም ነው። ገንዘብ ከፋዩን በትሕትና «በደንበኛ የተጠቀለለ አለ?» ብሎ መጠየቅ ከማንኛውም መሣሪያ ይልቅ ውጤት ያስገኛል።

ብሩ የወጣበት ዘመን

እስከ 1964 የተቀረጹት ዳይም፣ ኳርተርና ሃፍ ዶላር ከመቶ 90 እጃቸው ብር፣ 10 እጃቸው መዳብ ነበር። የብር የዓለም ዋጋ እየወጣ ሄዶ በ1963 አንዱ አውንስ 1.29 ዶላር ገደማ ሲደርስ፣ በአንድ የብር ዶላር ውስጥ ያለው ማዕድን በላዩ ከተጻፈው ዋጋ ጋር እኩል ሆነ፤ ዋጋው 1.38 ዶላር ቢያልፍ ደግሞ ዳይሙም ኳርተሩም ከመገበያየት ይልቅ ቢቀልጥ የሚያዋጣ ይሆን ነበር። በዚህ ወቅት ሕዝቡ በዋሽንግተን የግምጃ ቤት መሥሪያ ቤት ተሰልፎ የብር ዶላር በከረጢት ይወስድ ነበር። በ1962 መጨረሻ ከመንግሥት ካዝና በወጡ ከረጢቶች ውስጥ በኒው ኦርሊንስ በ1903 የተቀረጸው ዶላር በብዛት ሲገኝ፣ እስከዚያ ቀን ከብርቅዬዎቹ ተርታ ይቆጠር የነበረው ሳንቲም ዋጋው በአንድ ጊዜ ወደቀ። ይህ ክስተት፣ በጸሐፊው እምነት፣ የዛሬው የጥቅል ፍለጋ እውነተኛ አባት ነው፤ ማንም ተራ ዜጋ በአንድ ዶላር አንድ ዶላር እየሰጠ ሰብሳቢዎች የሚመኙትን ሊያገኝ እንደሚችል አገር ሙሉ ያየው ያን ጊዜ ነውና። ግምጃ ቤቱ በመጋቢት 1964 ዶላሩን መስጠት አቆመ።

በዚያው ወር የኬኔዲ ሃፍ ዶላር ወጣ። ፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ ኬኔዲ የተገደሉት ኅዳር 22 ቀን 1963 ሲሆን፣ ምስላቸው በሃፍ ዶላር ላይ እንዲቀረጽ የሚፈቅደው ሕግ የጸደቀው በታኅሣሥ 30 ነው። በ1964 ዓመት ስም ከ429 ሚሊዮን በላይ ፍሬ በፊላደልፊያና በዴንቨር ቢቀረጽም ገበያ ላይ የዋለው ጥቂት ነው፤ የቀረው እንደ መታሰቢያ በየቤቱ ተቀመጠ። ሃፍ ዶላር ከዕለት ግብይት ወጥቶ በባንክ ካዝና የሚተኛ ሳንቲም የሆነው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ነው፤ ለጥቅል ፈላጊም ከሁሉ የተሻለ መስክ ያደረገው ይኸው መተኛቱ ነው።

በ1964 አገሩ ሁሉ የሳንቲም እጥረት ገጠመው። በወቅቱ ሚንትን ይመሩ የነበሩት ኢቫ አዳምስ ሰብሳቢዎችን ከዋነኞቹ ጥፋተኞች መካከል ቆጥረው ነበር፤ ከ1965 እስከ 1967 በተቀረጹት ሳንቲሞች ላይ የከተማ ምልክት፣ ማለትም የተቀረጹበትን ቦታ የሚያሳይ ፊደል፣ እንዳይኖር የተደረገውም ሰብሳቢ የሚመርጠው ነገር እንዲያጣ ነው። የሰብሳቢዎች ድርሻ ምን ያህል እንደነበር አከራካሪ ነው። ሆኖም የሽያጭ ማሽኖች መስፋፋት፣ የኢኮኖሚው ማደግና ብሩን ለትርፍ የሚያከማቹ ነጋዴዎች መብዛት በግልጽ እየታየ፣ በካርቶን ሰሌዳ ላይ አንዳንድ ፔኒ የሚሰካውን ልጅ መክሰስ ፍትሕ አልነበረም።

ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ሐምሌ 23 ቀን 1965 የፈረሙት የሳንቲም ሕግ ብርን ከዳይምና ከኳርተር ሙሉ በሙሉ አስወጣ። በምትኩ ውስጡ ንጹሕ መዳብ፣ ሁለቱ ገጾቹ የመዳብና ኒኬል የተባለው ማዕድን ቅልቅል የሆነ ድርብርብ ሳንቲም መጣ። ሃፍ ዶላር ግን እስከ 1970 ከመቶ 40 እጅ ብር ይዞ ቆየ፤ የ1970ው ለዕለት ግብይት አልወጣም፣ ለሰብሳቢዎች በተዘጋጀ ስብስብ ውስጥ ብቻ ተሸጠ። ከ1971 ጀምሮ ሃፍ ዶላሩም ብር አልባ ሆነ። የብር ሳንቲም ማቅለጥ በ1967 ተከልክሎ በ1969 ተፈቀደ። በጥር 1980 የቴክሳስ ባለጸጎች የነበሩት የሃንት ወንድማማቾች ብር በገፍ ሲገዙ የአውንሱ ዋጋ ወደ 50 ዶላር ስለተጠጋ እጅግ ብዙ አሮጌ ሳንቲም ወደ ማቅለጫ ገባ። ዛሬ በጥቅል ውስጥ የሚገኝ የብር ዳይም ከዚህ ሁሉ ያመለጠ ነው።

ጠርዝን ማንበብ

ልምድ ያለው ፈላጊ ሃፍ ዶላርን ፊቱን ከማየቱ በፊት ጠርዙን ያያል። ወረቀቱ ተቀዶ ሃያው ፍሬ እንደተደረደረ በመስኮት ብርሃን ፊት ሲያዝ፣ ተራዎቹ በመካከላቸው ቡናማ የመዳብ መስመር ያሳያሉ፤ 90 እጅ ብር የሆነው ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ ነጭ ሆኖ፣ እንደ ነጭ ክር በቡናማ ጥለት መካከል ጎልቶ ይወጣል። አስቸጋሪው 40 እጅ ብር ያለበት ነው። ጠርዙ ፈዘዝ ያለ ግራጫ ወይም ቀላ ያለ ስለሆነ ባለፉት አሥርተ ዓመታት ብዙ ዓይን አልፎታል፣ ስለዚህም ከሌላው ይልቅ በጥቅል ውስጥ ተርፏል። ዓመቱን ማየት ክርክሩን ይዘጋል፤ ያልተማመነ ይመዝናል። የ1964ቱ 12.5 ግራም፣ ከ1965 እስከ 1970 ያለው 11.5፣ ከዚያ ወዲህ ያለው 11.34 ግራም ነው። የብር ኳርተር 6.25 ግራም ሲመዝን የአሁኑ 5.67 ነው። ድምፁም ይለያል፤ ብሩ በጠረጴዛ ላይ ሲጣል ረዘም ላለ ጊዜ ይጮኻል።

ገንዘብን በዓይንና በጣት መመርመር ለእኛ አዲስ አይደለም። የኦስትሪያዋን ማሪያ ቴሬዛ ምስል የያዘው ጠገራ ብር ሴትዮዋ ከሞቱበት ከ1780 ወዲህ ዓመቱ ሳይለወጥ ሲቀረጽ ኖሮ፣ አያቶቻችን በደረቷ ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች ሳይቆጥሩ አይቀበሉትም ነበር። ከፊላደልፊያ ሚንት ጋርም የቀጥታ ትስስር አለን። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን 1936 ዓ.ም. የሚል ጽሑፍ ይዘው ከወጡት ሳንቲሞች ከፊሉ የተቀረጹት የኬኔዲው ሃፍ ዶላር በተቀረጸበት በዚያው በፊላደልፊያ ሲሆን፣ ሃምሳ ሳንቲሙ ብር ነበረበት። ክቡ የመዳብ ሃያ አምስት ሳንቲም ብር እየተቀባ እንደ ሃምሳ ሳንቲም መተላለፍ በመጀመሩ ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል ወጣ ገባ ተደርጎ እንደገና ተቀርጿል። ጠርዝ ዳኛ ሆኖ የቆመበት ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ለጸሐፊው አይታየውም።

ሌሎቹ ሳንቲሞች

በኒክል ጥቅል ዋነኛው ግብ በጦርነቱ ዘመን የተቀረጸው ነው። ኒኬል ለጦር መሣሪያ ስለተፈለገ ከጥቅምት 1942 እስከ 1945 አምስት ሳንቲሙ ከ56 እጅ መዳብ፣ 35 እጅ ብርና 9 እጅ ማንጋኒዝ ተሠርቷል፤ ለመለያም በጀርባው ላይ ካለው ሞንቲቼሎ ከተባለው ሕንፃ ጉልላት በላይ ትልቅ የከተማ ምልክት ተደርጎበታል። ፊላደልፊያ የራሷን «ፒ» ፊደል በሳንቲም ላይ ያየችው ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ቀለሙ በጊዜ ብዛት ስለሚጠቁር ከሩቅ ይታወቃል።

ፔኒ ለጀማሪና ለሕፃናት ይመከራል፤ በ25 ዶላር 2,500 ፍሬ ማየት ይቻላልና። ከ1909 እስከ 1958 የተቀረጹት በጀርባቸው ሁለት የስንዴ ዛላ ስላላቸው ወዲያው ይለያሉ። ከእነርሱ መካከል ስሙ የገነነው በሳን ፍራንሲስኮ በ1909 የተቀረጸውና የቀራጩን የቪክተር ዴቪድ ብሬነርን ስም ሦስት የመጀመሪያ ፊደላት የያዘው ሲሆን፣ ብዛቱ 484,000 ብቻ ነው። በ1943 መዳብ ለጦርነቱ ስለተፈለገ ፔኒው ዚንክ ከተለበጠ ብረት ተሠራ። በስሕተት ከመዳብ ቅልቅል የተቀረጹት ጥቂት የዚያ ዓመት ፍሬዎች እጅግ ውድ ናቸው፤ መዳብ የሚመስል የ1943 ፔኒ የሚያጋጥመው ሰው ግን፣ ማግኔት ከሳበው መዳብ የተቀባ ብረት እንደሆነ፣ ካልሳበውም ዓመቱ የተፋቀ ሐሰተኛ ሊሆን እንደሚችል አስቀድሞ ማሰብ አለበት። በ1982 አጋማሽ ላይ ፔኒ ከ95 እጅ መዳብ ወደ ዚንክ ስለተዛወረ የዚያ ዓመቱ ሁለት ዓይነት ነው፤ መዳቡ 3.11 ግራም፣ ዚንኩ 2.5 ግራም ይመዝናል። ፔኒንና ኒክልን ማቅለጥ ከ2007 ጀምሮ በቋሚ ደንብ የተከለከለ ነው።

ኳርተርን ያነቃቃው ከ1999 እስከ 2008 የሃምሳውን ክፍለ ግዛት ምስል በየተራ ያወጣው መርሐ ግብር ነው። ከዚያም ሚንት በ2019 እና በ2020 «ደብሊው» የሚል የዌስት ፖይንት ሚንት ምልክት ያላቸውን ኳርተሮች፣ በየዓመቱ አምስት ዓይነት፣ እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ሚሊዮን አድርጎ በቀጥታ ወደ ገበያ ለቀቀ። በ1965 የከተማ ምልክትን ከሰብሳቢ የነፈገው መሥሪያ ቤት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ሰዎች ኪሳቸውን እንዲፈትሹ ሆን ብሎ ምልክት መጨመሩ ለዚህ ልማድ ትልቅ ክብር ነው።

የዶላር ሳንቲም ጥቅልም አለ፤ ብር ስለማይገኝበት ፈላጊው ጥቂት ነው።

ከባንክ ጋር ያለው ግንኙነት

ባንኮች ካርቶን ለማዘዝ አብዛኛውን ጊዜ ሒሳብ የከፈተ ደንበኛ መሆንን ይጠይቃሉ፤ አንዳንዶቹ በካርቶን ክፍያ ይወስዳሉ። ስለዚህ ፈላጊዎች የማይጥሱት አንድ ሥርዓት አላቸው፤ ከሚወስዱበት ባንክ መልሰው አያስገቡም። የታየውን ሳንቲም ቆጣሪ ማሽን ወዳለው ሌላ ባንክ ይወስዳሉ፤ ይህም የራሳቸውን ትርፍራፊ መልሰው እንዳይገዙና ገንዘብ ከፋዩን በከንቱ እንዳያደክሙ ነው። ማሽኑ የብር ሳንቲምን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ስለሚተፋ፣ በማሽኑ የተተፋው የሚወርድበትን ትሪ ማየት የልማዱ አካል ሆኗል።

በ2020 ወረርሽኙ ሱቆችን ሲያዘጋ የሳንቲሙ ዝውውር ተቋረጠና ፌዴራል ሪዘርቭ ከሰኔ ጀምሮ ለባንኮች በኮታ ማከፋፈል ጀመረ፤ ለፈላጊዎችም ካርቶን ማግኘት አስቸጋሪ ሆነ። ኅዳር 12 ቀን 2025 ደግሞ ለግብይት የሚውለው የመጨረሻው ፔኒ በፊላደልፊያ ተቀረጸ፤ አንዱን ለመሥራት የሚወጣው ወጪ ከሦስት ሳንቲም ተኩል በላይ ደርሶ ነበር። በእጅ ያለው ፔኒ እንደ ቀድሞው ሕጋዊ ገንዘብ ሆኖ ቀጥሏል። አዲስ ፍሬ ስለማይጨመርበት ውሎ አድሮ በፔኒ ጥቅል ውስጥ የሚገኘው ሁሉ ከሰው እጅ የተመለሰ ይሆናል፤ የስንዴ ዛላ ያለበትን ፔኒ የሚፈልግ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ከሚንት በወጡ አዲስ ጥቅሎች ላይ ገንዘቡንና ጊዜውን አያጠፋም።