ሾርትከት ምንድን ነው? ፋይሉ አይደለም

ባለፈው ሳምንት አራት ኪሎ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒውተር ልጠግን ገብቼ ነበር። አንዲት ተማሪ ፍላሿን ሰጠችና የመመረቂያ ጽሑፏን እንዲያትሙላት ጠየቀች። ልጁ ሊከፍተው ሞከረ፤ እምቢ አለ። «እቤት እኮ ይከፍታል!» አለች። እውነቷን ነው። አይከኑን ጠጋ ብዬ አየሁት። ከታች በግራ በኩል ትንሽ ቀስት አለች። መጠኑ 2 ኪሎባይት። ፎቶና ሰንጠረዥ የሞላው የመመረቂያ ጽሑፍ 2 ኪሎባይት አይሆንም። ይዛ የመጣችው ሾርትከቱን ነው። ፋይሉን ልታመጣ ጀሞ ድረስ ተመለሰች።

እኔን ያናደደኝ እሷ አይደለችም፤ እንዲህ ያለውን ነገር የሚያስተምሩት ናቸው። በቅርቡ አንዱ «ሾርትከት ማለት ፋይሉ ተጨምቆ ሲቀመጥ ነው፤ ቦታ ይቆጥባል» ሲል ሰማሁት። ወንድሜ፣ የሚጨመቀው ዚፕ ነው! ሾርትከት ውስጥ ከጽሑፍህ አንዲት ፊደል የለችም።

ሾርትከት አድራሻ የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት ነው። «ከጊዮርጊስ ወደ ቸርችል ስትወርድ፣ ሁለተኛው ቅያስ፣ ሰማያዊው በር» ይላል። ወረቀቱ ቢቀደድ ቤቱ ምንም አይሆንም። ቤቱ ከፈረሰ ግን ወረቀቱ ኪሳችሁ ውስጥ ቢኖርም የምትገቡበት የለም። በ2016 የፒያሳን መፍረስ ያየ ሰው ይሄ አይጠፋውም። ወረቀቱን ይዛችሁ ሐዋሳ ብትወርዱስ? ሰማያዊውን በር ከየት ታመጡታላችሁ? ፍላሽ ላይ የተገለበጠ ሾርትከት እንዲህ ነው። ሌላ ኮምፒውተር ሌላ ከተማ ነው።

ባለቤቱ እዚያው ሰፈር ቤት ከቀየረ ደግሞ ጎረቤት ይጠቁማችኋል። ዊንዶውስም እንደዚያ ነው፤ ፋይሉን በዚያው ድራይቭ ላይ ወደ ሌላ ፎልደር ብታዛውሩት ብዙ ጊዜ ተከታትሎ ያገኘዋል። ሰው የሚዘናጋውም በዚህ ነው። እቤት ሁሌ ይሠራላ!

ዋናውን ለማግኘት ሾርትከቱ ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «ኦፕን ፋይል ሎኬሽን» በሉ። ኮፒ የሚደረገው እዚያ ያለው ነው።

ፍላሻችሁ ላይ ያሉት ፎልደሮች ሁሉ በአንድ ጊዜ ቀስት ካወጡ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ቫይረስ ነው። እውነተኞቹን ፎልደሮች ይደብቅና በስማቸው ሾርትከት ይፈጥራል። እሱን ስትከፍቱ ቫይረሱን ታስነሱታላችሁ። ፋይሎቹ አብዛኛውን ጊዜ አልጠፉም፤ ተደብቀው ነው። እባካችሁ ደንግጣችሁ ፎርማት አታድርጉት። መጀመሪያ በአንቲቫይረስ አጽዱት፣ ከዚያ የተደበቁትን አውጥታችሁ ሌላ ቦታ ገልብጡ።

ተማሪዋ አመሻሽ ላይ ላብ በላብ ሆና ተመለሰች። ፍላሹን ሰካነው። ቀስት የለም፤ 14 ሜጋባይት። ማተሚያው መጮህ ሲጀምር ወንበር ስባ ተቀመጠች።