ፎርስድ ፐርስፔክቲቭ ምንድን ነው?

እንደ አውሮፓውያኑ በ2001 የወጣውን የመጀመሪያውን "ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ" ፊልም ያየ ሰው ጋንዳልፍና ፍሮዶ በጋሪ የሚሄዱበትን ቦታ አይረሳም። ጋንዳልፍ ግዙፍ ነው፣ ፍሮዶ ደግሞ የሕፃን ልጅ ያህላል። ተዋናዮቹ ኢያን ማኬለንና ኤላይጃ ዉድ ግን በቁመት ያን ያህል አይራራቁም። ዘዴው ጋሪው ላይ ነው። ሆን ተብሎ ተዛብቶ ስለተሠራ፣ ጎን ለጎን የተቀመጡ ቢመስሉም ዉድ ከማኬለን ኋላ ራቅ ብሎ ነው የተቀመጠው።

ፎርስድ ፐርስፔክቲቭ የሚባለው ይኸው ነው፤ ርቀትን ደብቆ መጠንን መቀየር። ቱሪስቶች የፒዛን ዘመም ግንብ በመዳፋቸው ደግፈው የሚነሱት ፎቶም ያው ዘዴ ነው።

የሚሠራውም ካሜራ አንድ ዓይና ስለሆነ ነው። የእኛ ሁለት ዓይኖች አንዱን ነገር ከትንሽ የተለያየ ቦታ ያዩታል። አንጎላችን ሁለቱን አመሳክሮ ርቀቱን ይገምታል። ባለ አንድ ሌንስ ካሜራ ይህ የለውም። ሩቅ ያለ ረጅም ሰውና ቅርብ ያለ አጭር ሰው ስክሪን ላይ እኩል ሆነው ቁጭ ይላሉ።

በ1942ቱ "ካዛብላንካ" ፊልም መጨረሻ ላይ ከኋላ የሚታየው አውሮፕላን ስቱዲዮ ውስጥ የቆመ አነስተኛ ሞዴል ነው። ትልቅ እንዲመስል በዙሪያው በጣም አጫጭር ሰዎችን መካኒክ አስመስለው አሰማሩ። የቀረውን ጉድ ጭጋጉ ሸፈነው።

በወሬ ሲሰማ ቀላል ይመስላል። ሲቀረጽ ግን ቅርቡም ሩቁም እኩል ጥርት ማለት አለበት፤ አንዱ ከደበዘዘ ተመልካች ይነቃል። ስለዚህ የሌንሱን ቀዳዳ ያጠቡታል። ያኔ የሚገባው ብርሃን ስለሚያንስ መብራት ይጨምራሉ። ተዋናዮቹም ዓይን ለዓይን መተያየት አይችሉም። አንዱ ባዶ ቦታ ላይ አፍጥጦ፣ ከጓደኛው ጋር የሚጫወት መምሰል አለበት። ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው ይሄ ነው።

ካሜራው ከተንቀሳቀሰስ? ቅርብ ያለው ነገር ከሩቁ ፈጥኖ ስለሚንሸራተት ማታለያው ወዲያው ይጋለጣል። የ"ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ" ዳይሬክተር የፒተር ጃክሰን ቡድን ኒውዚላንድ ውስጥ ያመጣው መላ ግሩም ነው። በሆቢቶቹ፣ ማለትም እንደ ፍሮዶ ባሉት አጫጭር ፍጡራን ቤት፣ አንድ የሚመስለው ጠረጴዛ መጠናቸው የተለያየ ሁለት ቁራጭ ነበር። ካሜራው ሲንሸራተት፣ ከተዋናዮቹ አንዱ የተቀመጠበት መድረክም በተመጣጠነ ፍጥነት አብሮ ይንሸራተታል። መስመሩ ስለማይፈርስ ዓይን ምንም አይጠረጥርም።

ይህን ሁሉ ያከሸፈው ስሪዲ፣ ማለትም ጥልቀት የሚያሳየው የፊልም ዓይነት ነው። በ2012 የወጣው "ዘ ሆቢት" የተቀረጸው እንደ ሁለት ዓይን በተጣመሩ ሁለት ካሜራዎች ነው። ሁለት ዓይን ያለው ደግሞ ርቀትን ያውቃል። ስለዚህ እዚህም ጋንዳልፍን የሚጫወተውን ማኬለንን ድንክ ሆነው ከሚጫወቱት ተዋናዮች ለይተው፣ ምስሎቹን ለማዋሃድ በአረንጓዴ ጨርቅ የተከበበ ቦታ ላይ ብቻውን ቀረጹት። የድንኮቹን ንግግር የሚሰማው በጆሮ ማዳመጫ ነበር። ሽማግሌው ተዋናይ በዚህ ሥራ መሀል ማልቀሱን በኋላ ራሱ ተናግሯል።