ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ

ሰሞኑን ባሕር ዳር፣ ባጃጅ ውስጥ፣ አንድ ወጣት ስለ ኑሮውና ስለ ባለሥልጣናቱ ሲያማርር አጠገቡ የነበሩ አባት "ተው ልጄ፣ ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ" አሉት። ልጁ ጭጭ አለ። እኔ ግን ተናደድኩ። ተረቱ ለአፍ ማዘጊያ ሲውል አልወድም።

ከገበሬ አፍ የወጣ ተረት ነው። ልጅ ሆኜ ክረምቱን ጣና ዳር አጎቴ ዘንድ ነበር የማሳልፈው። አጎቴ ሲያርስ ዝም አይልም። አንድ እጁ እርፉን፣ አንድ እጁ ጅራፉን ይዞ ትልሙ ጫፍ ይደርሳል፣ ድግሩ ላይ የተለጠፈውን ጭቃ በእግሩ ይጠርጋል፣ በሬዎቹን ያዞርና ስድቡን ይቀጥላል። "አንተ ሆዳም! የሰው ድርሻ ትበላለህ፣ ሥራ ሲመጣ ትለግማለህ!" ዳልቻው ምስኪን ምንም አላጠፋም። ስድቡ ለቀበሌው ሹም እንደሆነ አገር ያውቃል። ሹሙም ያውቃል። በሬውን ሰደበ ብሎ ማን ይከሰዋል?

በእኔ ግምት ተረቱን የተናገረው ችሎት ለችሎት ተንከራትቶ ባዶ እጁን የተመለሰ ገበሬ ነው። አንጀቱ አርሮ ነው እንጂ ለንጉሥ አድልቶ አይደለም። እንዲያውም የዚሁ የጣና ዳር ሰው ይመስለኛል። ማዶ ዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስ ክልክል ነው፤ ከአቡነ በትረ ማርያም ጀምሮ የመጣ ግዝት ነው ይባላል፣ ሰዉም በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ይኖራል። "አይታረስ" የሚባል መሬት እያየ ያደገ ሰው ሌላ የማይነካ ነገር ቢቆጥር ምን ይገርማል? ግምቴን አልለቅም።

ገዥዎች ግን ተረቱን እንደ ምርቃት ወሰዱት። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 5 የንጉሠ ነገሥቱን ሥልጣን የማይደፈር አደረገው። ምን አስፈራቸው? አንዱ ሲከስ ሌላው "እኔም እኮ!" እንዳይል ነው። ጎጃም ግን በ1960 ዓ.ም. አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር አልከፍልም ብሎ አመፀ፣ መንግሥትም ወደ ኋላ አለ። ይህን ተረት የሚተርቱት እነዚያው ገበሬዎች ናቸው እንግዲህ።

ዛሬ ደግሞ ሐሳብን በነፃነት ስለመግለጽ የሚደነግገው አንቀጽ 29 አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት የሰው ክብርና ስም ለመጠበቅ፣ ወጣቶችን ለመጠበቅ ገደብ ይፈቅዳል፤ የጦርነት ቅስቀሳም ይከለክላል። በሐሳቡ ይዘት ወይም ሊያስከትል በሚችለው ውጤት ምክንያት ግን አይገደብም ይላል። በወረቀት፣ ማለቴ ነው።

እና አባቶቼ፣ ልጅ ዝም ማሰኘት ካማራችሁ "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" አለላችሁ። ይሄኛውን ለገበሬው ተዉለት።