ረሃብን እናጠፋለን የተባለበት ቀጠሮ

የዓለም መንግሥታት በ2015 (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ኒው ዮርክ ላይ ተሰብስበው በ2030 ረሃብን እናጠፋለን ብለው ተስማሙ። ቀጠሮው ደረሰ ማለት ይቻላል። በሐምሌ 2025 እዚሁ አዲስ አበባ ይፋ የሆነው የተመድ ሪፖርት ግን በ2024 ወደ 673 ሚሊዮን ሰው ተርቦ እንደነበር ይናገራል፤ ከዓለም ሕዝብ 8.2 በመቶ። ካለፉት ዓመታት ትንሽ ቀንሷል። የቀነሰው በደቡብ እስያና በደቡብ አሜሪካ ነው እንጂ አፍሪካ ውስጥ ጨምሯል፤ ከአምስት ሰው አንዱ ይራባል።

ረሃብ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን የ77ቱ (ይህ በኛ አቆጣጠር ነው) ድርቅ ነው። ሪፖርቱ የሚቆጥረው ግን ሌላ ነው፦ ዓመቱን ሙሉ ለጤናማ ኑሮ የሚበቃ ምግብ የማያገኘውን ሰው። ይህ ሰው በየቀኑ ይበላ ይሆናል። የተመጣጠነ ምግብ የመግዛት አቅም የሌለው ደግሞ 2.6 ቢሊዮን ሕዝብ ነው፤ እንጀራው ቢኖር እንቁላሉና ወተቱ የለም። ዋጋውን የሚከፍለው ልጅ ነው። ከአምስት ዓመት በታች ካሉት 150 ሚሊዮን የሚሆኑት ቀንጭረዋል፤ ቁመታቸው ለዕድሜያቸው አጥሯል። መቀንጨር ክፋቱ አለመጮሁ ነው፤ ልጁ ይጫወታል፣ ይስቃል፣ እናቱም "ዘራችን አጭር ነው" ብላ ታልፈዋለች።

ለውጥ የለም ማለት ግን ውሸት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በ2000 ከመቶ ሕፃናት 58ቱ የቀነጨሩ ነበሩ፤ በ2019 ወደ 37 ወርዷል። በ2005 የተጀመረው ሴፍቲኔት፣ ሰው እርከን ሠርቶ ወይም መንገድ ጠርጎ ብር ወይም እህል የሚቀበልበት፣ ብዙ ቤተሰብ በሬውን ሳይሸጥ ክፉ ቀን እንዲያልፍ ረድቷል። ብራዚልም በ2003 "ረሃብ ዜሮ" ብላ ተነሳች፣ በ2014 ከተመድ የረሃብ ካርታ፣ ማለትም ብዙ ሰው ከሚራብባቸው አገሮች ዝርዝር፣ ወጣች፣ ተመልሳ ገባች፣ በ2025 እንደገና ወጣች። አንዴ የወጣ አይመለስም የሚባል ነገር የለም።

ለእኔ ትልቁ ድል ግን ትንሽ ፓኬት ናት። ድሮ ክፉኛ የከሳ ሕፃን ሆስፒታል ተኝቶ ወተት እየተሰጠው ሳምንታት ይቆይ ነበር፤ እናቱም ሌሎቹን ልጆች ጥላ አብራው ትሰነብታለች። በ1990ዎቹ ፈረንሳይ ውስጥ "ፕላምፒ ናት" የሚባለው ምግብ ተሠራ፦ ለውዝ፣ የወተት ዱቄት፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ቫይታሚንና ማዕድን። ውኃ አይፈልግ፣ ማብሰል አይፈልግ። 92 ግራሟ 500 ካሎሪ ትሰጣለች። የጤና ኤክስቴንሽኗ ባለ ቀለም ሜትሯን በልጁ ክንድ ላይ ትጠመጥማለች፤ ከ11.5 ሴንቲሜትር በታች ከሆነ ቀይ ነው፣ ክንዱ የትልቅ ሰው ሁለት ጣት ቢያክል ነው። ከዚያ አንዷን ፓኬት ከፍታ ታቀምሰዋለች። መጥጦ ከዋጠና ሌላ ሕመም ከሌለው የሳምንቱን ድርሻ ይዞ ቤቱ ይታከማል። ኢትዮጵያና ማላዊ ይህን የቤት ሕክምና ቀድመው ከሞከሩት ናቸው፤ የተመድ ድርጅቶች በ2007 ተቀበሉት። እርግጥ ቤት ሲደርስ ከወንድም ከእህት ጋር ይካፈሉታል፣ ሱቅ ሲሸጥም ያየን አለን። ቤቱ ሁሉ በተራበበት ለአንዱ ብቻ ስጪ ማለት ለእናት ከባድ ነው።

ታዲያ መድኃኒቱ ከታወቀ ምን ያዘን? ዋናው ጦርነት ነው። በነሐሴ 2024 ዳርፉር ውስጥ ዛምዛም መጠለያ፣ በነሐሴ 2025 ደግሞ ጋዛ ከተማና አካባቢዋ ጠኔ፣ የረሃብ የመጨረሻው ደረጃ፣ መግባቱ ተረጋገጠ። ሁለቱም ጋ ዝናብ አይደለም የጠፋው። መንገድ ነው የተዘጋው። በድርቅ ላይ ድርቅ፣ የዋጋ ንረትም አለ፤ ግን ድርቅ ብቻውን ሕዝብ የሚፈጅበት ዘመን አልፏል፣ መንግሥትና መንገድ ካለ ይደረስበታል።

ሌላው ገንዘብ ነው። በ2025 አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን ስትቆርጥ የፓኬቶቹ ግዥ ተናጋ። ፊውስ ኔት የሚባለው የአሜሪካ የረሃብ ማስጠንቀቂያ ሥርዓትም ድረ ገጹ ለወራት ተዘጋ። ይህ ተቋም የተመሠረተው በ1985 ነው፤ በኛው የ77 እልቂት ምክንያት።