የቡቺ ጆሮ ከፎቶው ውጪ ቀረ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ውሻው ቡቺ አንድ ቦታ አይቆምም። ስልኩን ስታነሱ ዘወር ይላል፤ ፎቶው ደስ ይላል፣ ግን ግማሽ ጆሮ የለም። ከዚያ ኤዲት የሚችል ሰው ይፈለጋል። «ጆሮውን ብቻ መልስልኝ» ሲባል አብረው የሚመጡ እምነቶች አሉ።

«የተቆረጠው ፋይሉ ውስጥ አለ»

ካሜራው ሳያነሳው የቀረ ጆሮ የትም የለም። ራሳችሁ በኋላ ክሮፕ ያደረጋችሁት (የፎቶውን ጠርዝ የቆረጣችሁት) ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። አይፎን ላይ ኤዲት ገብታችሁ «ሪቨርት» ስትሉ ዋናው ፎቶ ይመለሳል። ክሮፑን ጄፔግ አድርጋችሁ በዋናው ላይ ካስቀመጣችሁት ግን በቃ፣ ሄዷል።

«ኤአይ ይመልሰዋል»

በብዛት የምሰማው ይሄንን ነው። ፎቶሾፕ በ2023 እ.ኤ.አ. በኤአይ የሚሞላውን ጀነሬቲቭ ፊልን ካመጣ ወዲህ ባዶ ቦታ መሙላት የደቂቃ ሥራ ሆኗል። ግን ኤአዩ ቡቺን አያውቀውም። የሚሥለው የውሻ ጆሮ የሚመስል ነገር ነው። የቡቺ ጆሮ ጫፉ ተነክሶ የጎደለ ከሆነ ሙሉ ጆሮ ሰጥቷችሁ ቁጭ ይላል። ባለቤቱ ደግሞ ወዲያው ነው የሚነቃው። ለሣርና ለግድግዳ ተጠቀሙበት፤ ለመልኩ ግን የራሱን ጆሮ ፈልጉ።

ከየት? ጋለሪያችሁ ውስጥ። በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ብርሃን የተነሱ ሌሎች ፎቶዎች ይኖራሉ። ላይቭ ፎቶ (አይፎን ከፎቶው ጋር አጭር ቪዲዮ የሚይዝበት) ከሆነ ከማንሳታችሁ በፊትና በኋላ ያለውን 1.5 ሰከንድ ያህል ይዟል፤ ጥራቱ ከዋናው ቢያንስም አንዱ ላይ ጆሮው ሙሉ ሊሆን ይችላል። ስትለጥፉት መጠኑንና ብርሃኑ የሚመጣበትን አቅጣጫ አስተያዩ። ዋናው ፎቶ ትንሽ ብዥ ካለ ጆሮውንም ትንሽ አደብዝዙት። ጠርዙን በመቀስ እንደተቆረጠ አትተዉት፤ ፀጉር አንድ በአንድ ነው የሚያልቀው፣ ስለዚህ በትንሽ ለስላሳ ብሩሽ ጫፍ ጫፉን አውጡት።

«የቀኙን ጆሮ ገልብጦ ለግራ ማድረግ ነው»

ፊት ለፊት ለተነሳ፣ ብርሃኑ እኩል ለሆነ ፎቶ አንዳንዴ ያስኬዳል። ፀሐይ ከአንድ ጎን ከመጣች ግን ጥላው ተገልብጦ ያጋልጣችኋል። አንዱ ጆሮ ቆሞ ሌላው የሚታጠፍ ውሻማ ስንት አለ!

«ቴሌግራም ላይ ያለው ፎቶ ይበቃል»

ለስልክ አዎ። ኤ4 ላይ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ለማሳተም ግን 2480 በ3508 ፒክስል ያስፈልጋል። ቴሌግራም ደግሞ እንደ ፎቶ ሲላክ ያሳንሰዋል። ዋናውን «እንደ ፋይል» አስልኩ።

«የጎደለ ሁሉ መሞላት አለበት»

የለበትም። ጫፉ ብቻ የተቆረጠ ጆሮ የአንሺው ስህተት ይመስላል። ጠጋ ብላችሁ ሁለቱንም ጆሮ ብትቆርጡና ዓይንና አፍንጫውን ብታስቀሩ ግን ታስቦበት የተነሳ ፎቶ ይሆናል። እግር ላይ ስትቆርጡ መዳፉን ብቻ ከፎቶው ውጪ አታድርጉት፤ ከጉልበቱ በላይ ቁረጡ።