የቄስ ትምህርት ቤት፡ ከፊደል ገበታ እስከ ዳዊት

የቄስ ትምህርት ቤት የሚባለው በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ወይም ከግቢው ጥግ ባለች ጎጆ፣ ካልሆነም ዛፍ ሥር፣ አንድ መምህር ሕፃናትን ፊደል አስቆጥሮ፣ ንባብ አስተምሮ እስከ ዳዊት የሚያደርስበት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ሊቃውንቱ ንባብ ቤት ይሉታል። ከሱ በላይ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤትና መጻሕፍት ቤት አሉ፣ ስለነሱ ደሞ ብዙ ተብሏል፣ የዋሸራን ቅኔ፣ የቤተልሔምን ድጓ፣ የጎንደርን አቋቋም የማያነሳ የለም። ንባብ ቤት ግን የሁሉም በር ሆኖ ሳለ ሁለት መስመር ተሰጥቶት ይታለፋል፣ ስለዚ እዚ የተሰበሰበው ስለሱ ብቻ ነው።

አጀማመሩ

ቤተ ክርስቲያን ነገሩን ወደ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን፣ ማለትም ወደ 4ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አክሱም ትወስደዋለች፤ ፊደሉ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባት ድምፅ እንዲኖረው የተደረገውም ያኔ እንደሆነ ይነገራል። ይሄን የማይቀበሉ ምሁራን አሉ፣ ክርክሩም ገና አልተዘጋም። ትምህርት ቤቱን በተመለከተ ግን ብዙ የሚያከራክር ነገር ያለ አይመስለኝም፣ ቤተ ክርስቲያን ባለበት ቀዳሽ ያስፈልጋል፣ ቀዳሽ ካስፈለገ ደሞ ልጅ እያስቀመጠ ንባብ የሚያስተምር ሰው የግድ ነው።

ከዛ ወዲህ ያለው ረጅም ዘመን በጽሑፍ የሚታየው ጭላንጭል ጭላንጭል ብቻ ነው። በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. አገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጳጳሱ ዲቁና ሲሰጡ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ እንደተሰበሰበ፣ ገና የታቀፉ ሕፃናት ሳይቀሩ እንደተካኑ ጽፏል፣ እሱ ነገሩን አልወደደውም። ምክንያቱ ግን ግልፅ ነው፣ ያኔ ለመላው አገር ጳጳስ ከግብፅ የሚመጣው በአብዛኛው አንድ ብቻ ነበር፣ እሱ ካረፈ ሌላ እስኪመጣ ዓመታት ይወስዳል፣ ስለዚ ወላጅ ዕድሉን ሲያገኝ ልጁን ቀድሞ ያስክናል፣ ማስተማሩ በኋላ ይደርሳል። ይሄ ችግር መቃለል የጀመረው በ1921 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት ሲሾሙ ነው፣ ይበልጥ የተቃለለው ደሞ በ1940 ዓ.ም. ሌሎች ሲሾሙና በ1943 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ ሊቀ ጳጳስ ሲሆኑ ነው።

ትምህርቱ በደረጃ

አንደኛው ፊደል ቆጠራ ነው። ልጁ ሀ ሁ ሂ እያለ በመስመር ይቆጥራል። የግዕዙ ፊደል 26 ሆኖ በሰባት ሲባዛ 182 ይሆናል፣ የአማርኛዎቹ እነ ሸ እነ ቸ ሲጨመሩ 33ቱ 231 ይደርሳሉ፣ ዲቃላዎቹን ሳይጨምር። ድሮ ገበታው ብራና ነበር፣ በኋላ ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ ያሳተሙት የወረቀት ፊደል አገር አዳረሰና ወላጅ ካርቶን ላይ በሙጫ ለጥፎ ለልጁ ይሰጠው ጀመር። የካርቶኑ ጠርዝ በእጅ ብዛት ሲላላጥ በጨርቅ ይጠቀለላል። መጠቆሚያው ስንደዶ ነው፣ ልጁ በስንደዶው ጫፍ ፊደሏን ነክቶ ይጠራታል፣ ነክቶ ሌላ ከጠራ የኔታ ወዲያው ያቆሙታል።

እዚ ጋ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ልጆች ቶሎ በቃላቸው ስለሚይዙት ገበታውን ሳያዩ እንደ ዘፈን ሊያወርዱት ይችላሉ። ለዚህ መድኃኒቱ አቡጊዳ ነው፣ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ፣ የመጀመሪያው ፊደል በአንደኛው ድምፅ፣ ሁለተኛው በሁለተኛው እያለ በሰያፍ ይሄዳል። የለመደው ዜማ ስለሚፈርስበት አሁን ፊደሉን በቅርፁ ማወቅ ግድ ይሆንበታል። የቄስ ትምህርት ቤት ሽምደዳ ብቻ ነው የሚሉ ሰዎች ይቺን ቢያዩ ጥሩ ነበር፣ ሽምደዳን ለመስበር ተብሎ የተሠራ ትምህርት ከነስሙ አለ።

ከዛ ፊደለ ሐዋርያ ይመጣል፣ እሱም የመጀመሪያው የዮሐንስ መልእክት ነው። እዚ ልጁ መጀመሪያ ፊደል በፊደል እየቆጠረ፣ ቀጥሎ በግዕዝ ንባብ፣ ከዛ በውርድ ንባብ፣ በመጨረሻ በቁም ንባብ ያነባል፣ ያው አንዱን ጽሑፍ ነው ደጋግሞ በተለያየ አካሄድ የሚሄድበት። ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይና ሰያፍ የሚባሉት የንባብ ዓይነቶች ጆሮው ላይ የሚቀመጡት በዚህ ጊዜ ነው፣ ቃሉን የት ላይ አንስቶ የት ላይ እንደሚጥል ያልለመደ ልጅ በኋላ ዜማ ቤት ገብቶ ይቸገራል። ወንጌለ ዮሐንስ ይከተላል፣ አንዳንድ ቦታ ተአምረ ማርያም ይጨመራል፣ ይሄ እንደየደብሩና እንደየመምህሩ ነው።

የመጨረሻው ዳዊት ነው። 150ው መዝሙር በ15 ንጉሥ ይከፈላል፣ አንዱ ንጉሥ አሥር መዝሙር ማለት ነው፣ ከኋላው ደሞ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ አሉ። ልጁ ይሄን ሁሉ በግዕዝ ያነባል።

ሳምንቱ እንዴት ይሄዳል

ትምህርቱ ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው። ጠዋት በስመ አብ ተብሎ አቡነ ዘበሰማያት ይደገማል፣ ከዛ ሁሉም በየቦታው ተቀምጦ የየራሱን ጮክ ብሎ ያነባል። ክፍል የሚባል ነገር የለም፣ ሀ ሁ የጀመረውም፣ አቡጊዳ ላይ ያለውም፣ ዳዊት ሊጨርስ የደረሰውም አንድ ግቢ ነው ያለው። የኔታ ተራ በተራ እየጠሩ አዲስ ትምህርት ይሰጣሉ፣ ያለፈውንም ይሰማሉ። አንድ መምህር ሃምሳ ስልሳ ልጅ እንዴት ይችላል ለሚል ሰው መልሱ ትልልቆቹ ልጆች ናቸው፣ ዳዊት የደረሰው ፊደለ ሐዋርያ ያለውን፣ እሱ ደሞ ፊደል ቆጣሪውን ያስቀጽላል፣ ማለትም እያለለት ያስከትለዋል። የሚያስቀጽለውም ልጅ እያስተማረ የራሱን ያጠብቃል።

ጫጫታው እንግዳ ሰውን ግራ ያጋባል፣ የኔታን ግን አያጋባም። ከመምህራኑ መሃል ዓይነ ስውራን ብዙ ናቸው፣ መጽሐፉ ሙሉ በሙሉ በቃላቸው ነው ያለው። ጥግ ላይ የተቀመጠ ልጅ አንዲት ቃል ዘሎ ካለፈ ከዛ ሁሉ ድምፅ መሃል ለይተው በስሙ ይጠሩትና "ተመለስ፣ ዘለልክ" ይሉታል። ልጆቹ ይሄን ስለሚያውቁ የኔታ አያዩም ብሎ የሚያጭበረብር የለም።

ማታ የቃል ትምህርት ነው፣ በተለይ ገጠር ከመምህሩ ጋር ለሚያድሩት። መብራት ስለማያስፈልገው በጨለማ ይሄዳል፣ መምህሩ ወይም ትልቁ ተማሪ አንድ ሐረግ ይላል፣ ልጆቹ ይቀበላሉ። ዋናው ውዳሴ ማርያም ነው፣ ቅዱስ ኤፍሬም ሶርያዊ እንደደረሰው ይታመናል፣ ለሰባቱም ቀን ተከፍሏል፤ ሰኞ "ፈቀደ እግዚእ"፣ ማክሰኞ "አክሊለ ምክሕነ" እያለ እስከ እሁዱ "ተሰመይኪ ፍቅርተ" ይደርሳል። ዳዊቱም እንደዚሁ ነው፣ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ እስከ 110፣ ዓርብ እስከ 130፣ ቅዳሜ እስከ 150፣ እሁድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ። ስለዚ አንድ ልጅ ንባብ ቤት ሲጨርስ መጽሐፍ ማንበብ ብቻ አይደለም የተማረው፣ ሳምንቱን በሙሉ ምን በየትኛው ቀን እንደሚጸለይ ይዞ ነው የሚወጣው፣ ገበሬ ሆነ፣ ነጋዴ ሆነ፣ ሰማንያ ዓመቱ ድረስ ሐሙስ ጠዋት ከ81 ይጀምራል። የዚህ ትምህርት ቤት ትልቁ ሥራ ይሄ ይመስለኛል።

ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፣ ትንንሾቹ ግን እንዲጾሙ አይገደዱም። ቅዳሜና እሁድ ሁለቱም ሰንበት ስለሆኑ አዲስ ትምህርት የለም፣ እሁድ ቅዳሴ ነው፣ ዲያቆን ሊሆኑ የሚዘጋጁት ከቤተ መቅደሱ አገልጋዮች ጎን ሆነው ይለምዳሉ። በወር ውስጥ የሚውሉ በዓላት፣ እነ 12 ሚካኤል፣ 21 ማርያም፣ 27 መድኃኔዓለም፣ በተለይ የደብሩ ታቦት ከሆነ ትምህርት ይቀራል። ለየኔታ ውሃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ ግቢ መጥረግም የልጆቹ ሥራ ነው።

ቅጣት ነበር፣ መደበቅ አይገባም። አለንጋና ልምጭ የተለመደ ነው፣ ድሮ ከትምህርት ቤት የሚጠፋ ልጅ እግሩ በብረት የሚታሰርበት ጊዜም ነበር። አሁን በከተማ ይሄ ቀርቷል ማለት ይቻላል።

ዳዊት ሲያልቅ

ልጁ ዳዊት ሲጨርስ ቤተሰቡ ይደግሳል። ጠላ ይጠመቃል፣ ዳቦ ይደፋል፣ የኔታ ይጋበዛሉ፣ ያቅሙን ያህል ጋቢ ወይም ገንዘብ ይሰጣቸዋል፣ ልጁም ዘመድ ፊት ቆሞ ያነባል። ወረቀት ሰርተፍኬት የለም፣ መንደሩ ሰምቶታል በቃ። ከዛ በኋላ የሚቀጥለው ግብረ ዲቁና ተምሮ ጳጳስ ጋ ይሄዳል፣ ወይ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ለብሶ ዜማ ወይም ቅኔ ፍለጋ አገር ያቋርጣል፣ የቆሎ ተማሪ የሚባለው ያኔ ነው። አብዛኛው ግን እዛው ያቆማል፣ ማቆሙም ውድቀት አይደለም።

እዚ የሚነሳ ወቀሳ አለ፣ ልጁ የሚያነበውን ግዕዝ ትርጉሙን አያውቅም የሚል። እውነት ነው፣ ትርጉሙና ሰዋስው የሚመጣው ቅኔ ቤት ነው። በኔ አስተያየት የበለጠ የጎዳው ግን ይሄ ሳይሆን መጻፍ አለመማሩ ነው። ቁም ጽሕፈት ለብቻው የሚማሩት ሙያ ስለሆነ ዳዊት እንደ ውሃ የሚያወርድ ሰው ስሙን መጻፍ የሚቸገርበት ጊዜ ነበር። ሴት ልጆችም ገጠር ውስጥ እምብዛም አይላኩም ነበር፣ ከተማ ላይ ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከወንዶቹ እኩል ተቀምጠው ተምረዋል።

ከዚህ ቤት የወጡትን መዘርዘር አይቻልም። አፄ ቴዎድሮስ በልጅነታቸው በገዳም ነው የተማሩት። ሐዲስ አለማየሁ ጎጃም ውስጥ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው ያደጉት፣ ዮፍታሔ ንጉሤም እንደዚሁ።

ዘመናዊው ትምህርት ከመጣ በኋላ

የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900ዎቹ መጀመሪያ፣ ተፈሪ መኮንን በ1917 ዓ.ም. ሲከፈቱ የቄስ ትምህርት ቤት ይጠፋል ያለ ካለ ተሳስቷል። የጣሊያን ዘመን ከባድ ነበር፣ ግንቦት 1929 ዓ.ም. ደብረ ሊባኖስ ላይ በተፈጸመው ጭፍጨፋ መነኮሳቱ ብቻ አይደሉም ያለቁት፣ ግራዚያኒ በራሱ ቴሌግራም 129 ዲያቆናት ማስገደሉን ሪፖርት አድርጓል፣ በኋላ ያጠኑ ሰዎች ደሞ የሟቾቹ ጠቅላላ ቁጥር እሱ ካመነው እጅግ እንደሚበልጥ አሳይተዋል። እነዚ ዲያቆናት የዚሁ የንባብ ቤት ልጆች ናቸው።

ከነፃነት በኋላ እስከ አብዮቱ ያለው ጊዜ ለከተማው የቄስ ትምህርት ቤት ጥሩ ጊዜ ነበር። መዋዕለ ሕፃናት ለጥቂት ሀብታም ልጅ ብቻ ስለነበር አዲስ አበባም ሆነ ክፍለ ሀገር ወላጅ አራት አምስት ዓመት የሞላውን ልጅ ፊደሉን አስይዞ የኔታ ጋ ይልካል፣ በወር ትንሽ ሳንቲም ይከፍላል፣ ልጁም አንደኛ ክፍል ሲገባ ማንበብ ጨርሶ ነው የሚገባው። ብዙዎች አንደኛ ክፍልን ሳይጨርሱ ደብል እየመቱ ሁለተኛና ሦስተኛ ክፍል የገቡት በዚ ምክንያት ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ጥሩ አንባቢ አፍርተዋል ሲባል የየኔታም ድርሻ አብሮ መነሳት አለበት።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆኖ ሲታወጅ ቤተ ክርስቲያን መሬቷን አጣች፣ ለአገልግሎቱ በሚሰጠው በሰሞን መሬት የሚተዳደረው መምህርም መተዳደሪያው ሄደ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ፣ በ15 ቋንቋ የተካሄደና በዓለም አቀፍ ደረጃ የተሸለመ ትልቅ ሥራ ነው፣ ንባብ በየገጠሩ እንዲዳረስ ትልቅ ድርሻ አለው።

አሁን ያለው ሁኔታ የተደባለቀ ነው። በ2000ዎቹ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ዜሮ ክፍል ሲከፍቱ፣ ከተማው ደሞ በግል መዋዕለ ሕፃናት ሲሞላ ብዙ የቄስ ትምህርት ቤት ጎድሏል፣ ወላጅ ዩኒፎርምና እንግሊዝኛ ይፈልጋል። የቀሩት በክረምት ነው የሚደምቁት፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆች ሁለት ወር ይላካሉ፣ ሁለት ወር ግን ዳዊት አያደርስም። ማኅበረ ቅዱሳን የአብነት ትምህርት ቤቶችን በመርዳት ብዙ ይሠራል፣ አንዳንድ ደብሮችም ለንባብ መምህሩ ደመወዝ ቆርጠዋል። ውጭ አገር፣ በተለይ ዋሽንግተን አካባቢ፣ አብያተ ክርስቲያናት ቅዳሜና እሁድ ፊደል ያስቆጥራሉ፤ እዛ ሰንበት ነው ብሎ ትምህርት ማቆም አይቻልም፣ ልጆቹ የሚገኙት በነዚሁ ሁለት ቀናት ብቻ ስለሆነ፣ የቀረውን ሳምንት ቤት ውስጥ ወላጅ በስልክ በተቀዳ ድምፅ ውዳሴ ማርያሙን ያስቀጽላል።