ስለ ደመወዝ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ደመወዝ ዝቅ ካላለ ባለሀብት አይመጣም፤ ከተጨመረ ደግሞ ይሸሻል።»

ይህን ከሰማሁ ቁጥር ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ትዝ ይለኛል። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን ቢዝነስ ትምህርት ቤት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት የጀማሪ ልብስ ሰፊ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። በባንግላዲሽ 95፣ በኬንያ 207፣ በቻይና 326። በልብስ አምራች አገሮች ውስጥ ከዚህ ያነሰ አልተገኘም።

26 ዶላር ያኔ 750 ብር ገደማ ነው። በዚህ ገንዘብ የምትኖር ልጅ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር አንዲት ክፍል ትከራያለች። ያየኋት ክፍል ውስጥ ፍራሹ ሁለት፣ ሰዎቹ አራት ነበሩ። የቀን ፈረቃ ያላት ስትወጣ የማታዋ ገብታ እዚያው ጋደም ትላለች። ኪራይ ከፍላ የሱቅ ዱቤዋን ስትዘጋ ለእናቷ የምትልከው አይተርፋትም፤ ከአገሯ የወጣችው ግን ለእሱ ነበር።

ስለዚህ ትለቃለች። በዚያው ጥናት መሠረት ፋብሪካዎቹ በአማካይ በ12 ወር ውስጥ ሠራተኞቻቸውን ሁሉ መተካት ነበረባቸው። አዲሷ ልጅ ማሽኑን እስክትለምድ ምርቱ ይጓተታል፣ ጨርቅ ይበላሻል። ርካሽ የተባለው ጉልበት በዚህ በኩል ውድ ነው። የካልቪን ክላይን ባለቤት ፒቪኤች በ2021 ፋብሪካውን ዘግቶ የወጣውም ደመወዝ ተጨምሮበት አይደለም፤ በጦርነቱና ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ማለትም ዕቃን ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከማስገባት ዕድል፣ ልትወጣ በመሆኑ ነው።

«የሥራ አስፈጻሚ ደመወዝ የልፋቱ ዋጋ ነው።»

በአሜሪካ የኢኮኖሚክ ፖሊሲ ኢንስቲትዩት ስሌት፣ የትልልቅ ኩባንያ ሥራ አስፈጻሚ በ1965 እ.ኤ.አ. የሚያገኘው የተራ ሠራተኛን 21 እጥፍ ያህል ነበር። በ2023 ወደ 290 እጥፍ ደረሰ። ልፋቱ በዚህ ልክ አልጨመረም። ቦርዱ መሰል ኩባንያዎች የሚከፍሉትን ያይና «የእኛ ሰው ከመካከለኛው አያንስም» ይላል፤ ሁሉም እንዲህ ሲሉ መካከለኛው ክፍያ ራሱ ከፍ ይላል። ክፍያው በአብዛኛው አክሲዮን ስለሆነም ገበያው ሲሞቅ እሱ ምንም ሳያደርግ ይጨምርለታል።

«የአለቃው ደመወዝ ቢከፋፈል ለአንድ ሰው የሚደርሰው ትንሽ ነው።»

ሒሳቡ ልክ ነው። የአሜሪካው የቡና መሸጫ ኩባንያ የስታርባክስ ኃላፊ የ2024 ክፍያ፣ 96 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ ለ360 ሺህ ያህል ሠራተኞች ቢካፈል በዓመት ከ270 ዶላር አይበልጥም። ሠራተኛው የሚጠይቀው ግን ከድርጅቱ ገቢ የሚገባውን ድርሻ ነው፤ እሱ ከአንድ ሰው ኪስ በጣም ይሰፋል።

«በኢትዮጵያ ዝቅተኛው ደመወዝ በሕግ ተወስኗል።»

ለግል ድርጅት ሠራተኛ አልተወሰነም። የሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ደንግጓል፤ ከዚያ ወዲህ ግን ስንት ዓመት አለፈ! የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን በሜይ ዴይ፣ ሚያዝያ 23፣ ደጋግሞ የሚያነሳው ጥያቄ ይኸው ነው።